ፈየራ እና አዲሶቹ ሞርቤሎች

ፈየራ ቃልቤሳ የሰዓት ሥራ የተማረው ከማንም አይደለም። አቃቂ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ክፍል ተቀጥሮ ሳለ፣ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ካርዱን የሚመታበት ትልቅ የግድግዳ ሰዓት በየሳምንቱ እየቆመ ያስቸግር ነበር። ሰዓቱ በቆመ ቁጥር አርፍደሃል፣ አላረፈድኩም የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ «አንተ ጣትህ ቀጭን ነው፤ እስቲ ክፈተውና እየው» አለው። ፈየራ ከፈተው፣ ግማሽ ቀን ሲያየው ዋለ፣ የሆነ ነገር ነካክቶ ዘጋው። ሰዓቱ ከዚያ ወዲያ ፋብሪካው እስኪሸጥ ድረስ አልቆመም። ሳምንት ሳይሞላ የሒሳብ ሹሙ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ይዞለት መጣ፤ ከዚያ የመጋዘን ኃላፊው፣ ከዚያ የፈረቃ አለቆቹ። ፈየራ በአንድ እጁ የሽመና ማሽን ቅባት ይዞ በሌላው የሰው ሰዓት የሚፈታ ሰው ሆነ።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። ብዙዎቹ ጓደኞቹ መጠጥ ላይ ወደቁ። እሱ ግን በሳምንቱ ቃሊቲ ታክሲ ተራው አጠገብ የቆርቆሮ ሱቅ ቀለሰ። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው የሚቆምበት የላትም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዓይኑ ላይ የሚሰካት ሌንስ፣ ወረንጦዎች፣ ከጥፍር የማይወፍሩ ካቻቢቴዎች፤ በቃ። ከፊት ለፊቱ ተሳቢዎቹ አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ፤ በጎኑ ለእስረኛ ስንቅ የያዙ ሴቶች ወደ ማረሚያ ቤቱ ይጣደፋሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል።

ዝናው የወጣው በእጁ ነው። የሚሞላ ሰዓት ሲሰጡት ወዲያው አይከፍተውም። መጀመሪያ መሙያውን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ያዞርና ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሞላው ደክሟል»፣ ወይም «አንዲት ጥርስ ተሰብራለች»፣ ወይም «ይኼ ሞቷል፤ ገንዘብህን አታባክን» ይላል። ሲከፈት ያለው ይገኛል። ደምበኛው ከፋው ወይስ ደስ አለው ብሎ ፊቱን አያይም። ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ሞባይል ሲመጣ ሥራው ሞተ። ሰው ሰዓት ሲያሻው ስልኩን ማየት ጀመረ። ፈየራ ባትሪ በመቀየርና ማሰሪያ በመብሳት ዓመታት ገፋ። ሚስቱ ዲንቄ ጉልት ሽንኩርትና ድንች እየቸረቸረች ቤቱን ይዛ ኖረች።

በ2007 ዓ.ም. ቡልቻ የሚባል ሰው ሱቁ በር ላይ መኪናውን አቆመ። ቡልቻ ጉምሩክ ደጃፍ ቢሮ ያለው ትራንዚተር ነው፤ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ሰዓት አወጣ። ሞርቤል ነበር። ሞርቤል በጃንሆይ ጊዜ የፋብሪካ ሹሞችና የባቡር ሰዎች የሚያስሩት የስዊዝ ሰዓት ነው፤ ፈየራ ስንቱን ፈትቶ ስንቱን እንደገጠመ አያስታውስም።

«አራት ቦታ ወስጄው አልሆነም» አለ ቡልቻ። «እርስዎ ጋ ሂድ አሉኝ።»

ፈየራ ጆሮው ላይ አደረገና «ነገ ና» አለው። በማግስቱ ሰዓቱ ይሠራ ነበር።

ቡልቻ ብቻውን አልነበረም። የአሮጌ ሰዓት ፍቅር የያዛቸው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አሰባስቦ ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፍቶላቸዋል፤ እሁድ እሁድ ጠዋት ደግሞ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ያለ ካፌ ውስጥ ይገናኛሉ። የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ታጁ አለ፤ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ወሬ የማያሳድር ሰው። ከገላን ኮንዶሚኒየም የሚመጡ የባንክና የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። ሰዓቶቻቸውን እያወለቁ ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩና ስለ ፊታቸው፣ ስለ ቆጣሪዎቻቸው፣ ስለ መስታወታቸው ሲከራከሩ ይውላሉ። ቡልቻ ፈየራን ወደዚህ ጠረጴዛ አመጣው። ስምም ወጣለት፤ ፕሮፌሰር።

«ዝም በሉ፣ ፕሮፌሰር ይናገሩ!» ይላል ታጁ።

ማኪያቶና ቦምቦሊኖ ይቀርብለታል። አንቱ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው ሃያ የተማረ ሰው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠው ምን እንደሚሰማው ፈየራ ለማንም አልተናገረም፤ ዲንቄ ግን ቅዳሜ ማታ ሸሚዙን ራሱ ሲያጥብ እያየች ገብቷት ነበር።

በ2008 መጀመሪያ ላይ ወሬ መጣ። ሞርቤል ኩባንያ ያንኑ የጥንቱን ሰዓት በጥንቱ መልክ እንደገና ሠርቶ ሊያወጣ ነው ተባለ። ሰዎቹ ገና ፎቶውን ብቻ አይተው ወር ሙሉ ተናከሱ። ሚያዝያ ላይ ቡልቻ ዱባይ በሚመላለስ ሰው በኩል ሁለት አስመጣ፤ እሁድ ጠዋት ከነሳጥናቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። የዚያን ቀን እንግዳም ነበር፤ ከቦሌ የመጣ ሐኪም፣ አሮጌ ሰዓት ሰብሳቢ፣ የቡልቻን የድሮ ሞርቤል አይቶ ሊገዛ የመጣ።

ሰዓቶቹ ከእጅ እጅ ዞሩ።

«በድሮው ልክ ነው የሠሩት እንዴ? ለዛሬ ሰው እጅ ያንሳል። የልጅ ሰዓት ይመስላል» አለ አንዱ ባንከኛ።

«ልኩንማ ባልነኩት ጥሩ አደረጉ» አለ ሌላው። «እኔን ያናደደኝ ይቺ የቀን መስኮት ናት። ማን ጠየቃቸው? የድሮው ላይ የት ነበረች?»

ታጁ አንዱን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ «ቁጥሮቹ ላይ ያለውን ቢጫ ቀለም አያችሁልኝ?» አለ። «በጨለማ የሚያበራው ነጭ ቀለም በሃምሳ ዓመቱ ነው ቢጫ የሚሆነው። እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ ቢጫ አድርገው ቀቡት! ጎረምሳ ሽበት ተቀብቶ ዕድር ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ አስቡት።»

ሳቁ ካፌውን ሞላው።

«እኔ ወድጄዋለሁ» አለ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ሰው። «የድሮውን ዝናብ ሲጥል ኪሴ ውስጥ ነው የምደብቀው። ይኼን አስሬ ሻወር መግባት እችላለሁ።»

«እንግዲያው ፕላስቲክ ሰዓት ግዛ» አለው ቡልቻ። «ይኼ ነገር ነፍስ የለውም። የኔን የድሮውን እየው፤ ሰው የኖረበት ቤት ማለት ነው። ይኼኛው ለፊልም የተሠራ ቤት ነው።» ይህን ሲል ዓይኑ ሐኪሙ ላይ ነበር። ሐኪሙም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ፕሮፌሰር ይናገሩ!» አለ ታጁ።

ፈየራ የአዲሱን ሰዓት ክዳን ከፍቶ ሌንሱን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ።

«ማለት?» አለ ቡልቻ።

«ከድሮው ይሻላል። ውኃ አያስገባም፤ ሞላው አይደክምም። የድሮዎቹ ሰዎችም ይኼን መሥራት ቢችሉ ይሠሩት ነበር። ቢጫው ቀለም የማይረባ ነው፤ እሱን ልክ ብላችኋል። ግን ቀለምን ካነሳን፣ የናንተዎቹም እኮ ብዙዎቹ የተቀቡ ናቸው።»

ሐኪሙ ወንበሩን ሳበና «የትኞቹ?» ሲል ጠየቀ።

ፈየራ ጥያቄው የሙያ ጥያቄ መሰለው። በጣቱ እያሳየ መለሰ። «ይኼ። ይኼም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የመርካቶ ነጋዴዎች በፌስታል ሙሉ ያመጡልኝ ነበር፤ ፊታቸውን እያጠብኩ የቀባሁት እኔ ነኝ። ይኼኛው የቡልቻም እንደዚያው። ሰባት ቁጥርን እይዋት፤ እግሯ አጥሯል። ያን ቀን ብሩሹ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።» ይህን ሲናገር ፈገግ አለ፤ የድሮ ጥፋቱን በማስታወሱ እንደማፈር ብሎ።

ሐኪሙ ሌንሱን ተቀብሎ ሰባት ቁጥርን አየ። ከዚያ የቡልቻን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ሌላ ነገር አወራና ቀጠሮ አለኝ ብሎ ሄደ።

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬስ ገደሉን» አለ ቡልቻ እየሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ፈየራም ሳቀ።

ቤት ሲገባ ለዲንቄ አወራላት። እሷ ሽንኩርት መምረጧን አቁማ ቀና አለች።

«ሊገዛው በመጣው ሰው ፊት የተቀባ ነው አልክ?»

«እውነቱ ነዋ። ጠየቀኝ።»

«አንተ ሰውዬ» አለችና ዲንቄ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ቡልቻ ሱቁ ድረስ መጣ። እንደወትሮው ትሑት ነበር። «የፊታችን እሁድ ትንሽ ጨዋታ አስበናል፤ ያለ እርስዎ አይሆንም» አለው። ሁለት ሰዓት ይቀርባል፤ አንዱ የድሮ ሞርቤል፣ ያልተቀባ ያልተነካ፤ ሌላው አዲሱ። ፈየራ ዓይኑ ታስሮ በእጁና በጆሮው ብቻ ይለያቸዋል። «ሰው ሁሉ ችሎታዎን እንዲያይ ነው» አለ ቡልቻ። ፈየራ ደስ አለው። ሸሚዙን ዐርብ ማታ አጠበው።

እሁድ ካፌው ከሌላው ጊዜ በላይ ሞልቶ ነበር። ታጁ ስልኩን ከፍቶ ይቀርጻል። የፈየራን ዓይን በፎጣ አሰሩትና ሁለቱን ሰዓቶች በግራና በቀኝ እጁ አስጨበጡት። ውጭ ተሳቢ ሲያልፍ ጠበቀ። ከዚያ የግራውን ሞላ፣ አዳመጠ። የቀኙን ሞላ፣ አዳመጠ። መልሶ የግራውን። ግንባሩ ተጨማደደ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ።

ሳቅ ሆነ።

«እንዴት አንድ ይሆናሉ?» አለ ቡልቻ።

«ሁለቱም አዲስ ናቸው። የድሮ ሰዓት እዚህ የለም።»

«ፕሮፌሰር፣ አንደኛው እኮ ከእርስዎ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ነው። ይምረጡ እንጂ። ሰው እያየ ነው።»

«ተሳስታችሁ ይሆናል፤ እዩት እስቲ...»

«አላወቅኩም ማለትም መልስ ነው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ ዳግም ተሳቀ።

ፈየራ በፎጣው ሥር ላብ ያዘው። ሁለቱንም ደጋግሞ አዳመጠ። ጆሮው አንድ ነገር ይለዋል፤ ሃያ ሰው ሌላ ነገር ይለዋል። ምናልባት የድሮው በደንብ ታድሶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ምናልባት ባለፈው ሰሞን የያዘኝ ጉንፋን ጆሮዬን ነክቶት ይሆናል ብሎ አሰበ። በመጨረሻ ግራ እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«ይኼ ነው... የድሮው።»

ቡልቻ ፎጣውን ራሱ ፈታለት። የግራውን ሰዓት ከእጁ ወስዶ ለስልኩ አሳየና «ይኼ ከተወለደ ዓመት ያልሞላው፣ ትናንት ከሳጥን የወጣ!» አለ። ጩኸቱና ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። ፈየራ የቀኙን በዓይኑ ሊያየው ከፍ ሲያደርግ ቡልቻ ቀለብ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

«አንድ ጊዜ ልየው።»

«በቃ፣ በቃ፤ አለቀ» አለ ቡልቻ። ወደ ስልኩ ዞረና ድምፁን አስተካክሎ ተናገረ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዓታችሁን ያስነካችሁት ለእንደዚህ ያለ ሰውዬ ነው። የኛን ሰዓቶች የተቀቡ ናቸው ያለውም ይኸው ሰውዬ ነው።» ከዚያ ወደ ፈየራ ዞር ብሎ «ማኪያቶህን ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለው።

ከዚያች ቀን ወዲህ ከጠረጴዛው ሰዎች አንቱ ያለው የለም።

ቪዲዮው በሳምንት ውስጥ ቃሊቲን አዳረሰ። በ2009 መጀመሪያ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ አልቆመም፤ የሚታይ ነገር ያጣ ሕዝብ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው ዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ እያሻገረ አየው። ወያሎቹ ፈየራ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሁለት ጡጫቸውን ዘርግተው «ፕሮፌሰር! ግራ ወይስ ቀኝ?» ይሉታል። ሴቶቹ አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። አንዱ ወያላ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እየተደናበረ የሱቋ ቆርቆሮ ላይ ይላተማል፤ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘል።

ፈየራ ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌላ ነው። ሰዓት ጆሮው ላይ ሲያደርግ ድሮ አንድ ነገር የሚነግረው ጆሮ አሁን ሁለት ነገር ይነግረዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ዓይኑንም ጆሮውንም አስመረመረ። «ለዕድሜዎ ከበቂ በላይ ነው» አሉት። አላመናቸውም። አንድ ሰዓት ሦስት ጊዜ እየፈታ መግጠም ጀመረ። ጣቱ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ኅዳር ላይ ስንቅ ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ሴት የባሏን ሰዓት ይዛለት መጣች። ባሏ ከእስር ሊፈታ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ ሲወጣ በእጁ ልታስርለት ፈልጋለች። ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ ድሮ ቢሆን ቆማ እየጠበቀች ይጨርስላት ነበር። ፈየራ ከፈተው፣ ወረንጦውን አስገባ፤ ጣቱ ከዳው። ከሁሉ የምትቀጥነው ዘንግ ቀጭ አለች።

ሴትየዋ አልጮኸችም። የተሰበረውን ሰዓት በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ቪዲዮውን አይቼው ነበር» አለችው። «አሳዝነውኝ ነው ያመጣሁልዎት።»

ፈየራ በዚያው ቀን ሱቁን ዘጋ።

ዕቃዎቹን ቤት አምጥቶ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አልጋው ሥር አስቀመጣቸው። በየቀኑ እየጎተተ ያወጣል፣ ወረንጦዎቹን ይወለውላል፣ መልሶ ይከታል። ዲንቄ ይህን ስድስት ወር አየች። አንድ ቀን እሱ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሳለ «ቆራሌው!» የሚለውን ጩኸት ሰምታ በሩን ከፈተች። ቆርቆሮውን ከአሮጌ ድስትና ከተሰበረ ጀሪካን ጋር አስመዝና ሸጠችው።

ፈየራ ተመልሶ አልጋው ሥር እጁን ሰደደ። ቀጥሎ ዲንቄን አያት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «በየቀኑ ሬሳ ስታጥብ ማየት ሰለቸኝ።»

በሳምንቱ ከሠፈሩ ብዙም ሳይርቅ የአንድ አስመጪ መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። መጋዘኑ የቆመው አባቱ ምስር ይዘሩበት በነበረ ማሳ ላይ ነው። ሰማያዊ ካፖርት ሰጡት፤ ዱላም ሰጡት። ቀን ቀን በሩ ላይ ይቀመጣል፤ መኪና ሲመጣ ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋል።

በ2010 ሚያዝያ ውስጥ ታጁ መለዋወጫ ሊጭን የጭነት መኪና ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ደረሰ። ፈየራን ሲያይ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ።

«ፕሮፌሰር! እዚህ ነህ እንዴ?» ብሎ አቅፎ ሳመው። ክፋት አልነበረበትም፤ ከልቡ ደስ ብሎታል። «ያቺን ቀን ሳስታውስ እስካሁን ብቻዬን ነው የምስቀው። ‹ሁለቱም አዲስ ናቸው› ስትል እኮ ስልኩን ልጥለው ነበር! አበላሸብን አልኩ። ቡልቻም ጭው አለበት፤ ፊቱን አላየህም።»

«ለምን?» አለ ፈየራ።

«እንዴ፣ አውቀህብን ነዋ! ሁለቱም አዲስ ነበሩ። ያስመጣቸው ሁለቱ።» ታጁ ሳቁን አቋርጦ አየው። «አልሰማህም እንዴ? ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ።»

ፈየራ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ «መኪናህን አስገባ፤ መንገድ ዘግተሃል» አለውና በሩን ከፈተለት።

ማታ ለዲንቄ ነገራት። ዲንቄ ጀርባዋን ሰጥታው ድስት ስታጥብ ነበር፤ እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«ለምን ነገረህ?» አለች። «ዝም ቢል ምን ነበረበት?»

እሁድ ጠዋት ፈየራ ካፖርቱን ለብሶ ወደ ካፌው ሄደ። ሰዎቹ እንደድሮው ጠረጴዛቸውን ከበው ተቀምጠዋል። ያየው ሁሉ ፈገግ አለ። አንዱ ወንበር ሳበለት። አልተቀመጠም። ቡልቻ ፊት ለፊት ቆመ።

«ሁለቱም አዲስ ነበሩ» አለው።

ቡልቻ አልካደም። ስኳሩን አማስሎ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ነበሩ። ጨዋታ ነበር እኮ፤ አንተ ከበደህ እንጂ።»

«ሥራዬን ነው ያጣሁት።»

«እኔስ? የኔን ሰዓት በሐኪሙ ፊት የተቀባ ነው ስትል ጨዋታ ነበር?»

«እሱ እውነት ነበር።»

«እሱ ነው የባሰው» አለ ቡልቻ።

«እንግዲያው በዚያው ስልክ እውነቱን ተናገር። ልክ ነበር በል።»

«ማን ሊያየው?» ቡልቻ ትከሻውን ሰበቀ። «ያኛውን ያየው ሰው ይኼን ብሎ ስልኩን አይከፍትም። ተቀመጥ ይልቅ፤ ማኪያቶ ይምጣልህ።»

ታጁ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ «እስቲ አዲሱን ጉድህን አሳየው!» አለ ቡልቻን። ቡልቻ እንደማመንታት አለ፤ ግን ጉጉቱ አሸነፈው። ከደረት ኪሱ አንድ ሞርቤል አወጣ። ፓይለት የነበሩ አንድ አዛውንት ሲሞቱ ከቤተሰባቸው የገዛው ነው፤ ስድሳ ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ። የሰበሰባቸውን ሁሉ ሸጦ ይህችን አንዲት ነው የያዘው። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁሉ የሚቀናባትም እሷ ናት።

«እስቲ ምን ትላለህ?» አለ። ሊቀልድ ነበር የፈለገው፤ ድምፁ ግን የሚቀልድ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ፈየራ ተቀበለው። አንዱ ሌንስ አቀበለው፤ ሌላው ክዳን መክፈቻ። ዓመት ከመንፈቅ ሲንቀጠቀጥ የኖረው ጣቱ ቀጥ አለ። መሙያውን ሁለት ጊዜ አዞረና ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ ንጹሕ ነበር። ክዳኑን ከፈተው። ውስጡ የሰው ካቻቢቴ ነክቶት አያውቅም፤ ብሎኖቹ ላይ አንዲት ጭረት የለችም፤ ጥርሶቹ ትናንት የተቆረጡ ይመስላሉ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሰዓት አይቶ አያውቅም። ክዳኑን ዘግቶ ሰዓቱን ቡልቻ መዳፍ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ማሽኑ የራሱ አይደለም» አለ።

«ምን?»

«ከሌላ ሰዓት አውጥተው ነው የገጠሙት። ጎበዝ ሰው ነው የሠራው።»

ቡልቻ ከወንበሩ ተነሳ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ፈየራ። «ግራና ቀኙን የማልለይ ሰውዬ ነኝ።»

ካፖርቱን አስተካክሎ ወጣ። ከኋላው አንድም ሰው አልሳቀም።

ቡልቻ መጀመሪያ አላመነም። ግን በማግስቱ ሰዓቷን ይዞ ፒያሳ ወጣ። አንዱ ሰዓት ሠሪ «ምንም የላትም» አለው። ሌላው ሥራ አገኘሁ ብሎ «ተጠራጥሬያለሁ፤ ትክረምልኝ» አለው። ፎቶዋን ውጭ አገር ላሉ ሰብሳቢዎች ላከ፤ ግማሹ ንጹሕ ናት አለ፣ ግማሹ ሌላ ፎቶ ላክ አለ። እሁድ እሁድ ጠረጴዛው ላይ ሰዓቷ ስትቀርብ ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ባንከኛ «አዲሱ ሞርቤል ይሻላል፤ ቢያንስ ምን እንደያዝክ ታውቃለህ» አለ። በሦስት ወር ውስጥ ክዳኗ ዘጠኝ ጊዜ ተከፈተ።

ሐምሌ ላይ ታጁ እንደገና ወደ መጋዘኑ መጣ። ዝናብ ስለነበር ከፈየራ ጋር የጥበቃው ቆርቆሮ ሥር ተጠለለ። ወሬው አፉ ላይ ደርሶ አላስቀምጥ ብሎት ነበር።

«የቡልቻን ሰማህ? ያቺን ሰዓት የመጨረሻው ሰዓት ሠሪ ሲፈታት ማሽኗን ሰበረው። ዕቃው ዓለም ላይ የለም አሉ። ሰብሮም ሲያበቃ ምን አለው መሰለህ? ‹ማሽኑ የራሷ ነበር› አለው። ቡልቻ እዚያው ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ትልቅ ሰው! እንባው እየወረደ! ከዚያ ወዲህ እሁድ አይመጣም፤ ስልክም አያነሳ።»

ፈየራ በእግሩ አንድ ዱካ ወደ ታጁ ገፋለት።

«ተቀመጥ» አለው። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ ቀስ ብለህ።»